የተረከዝ ጅማት ሕመምን በክብደት ሥልጠና ማከም፦ ለሀዋሳ ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች

ከተረከዝ አጥንት በላይ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ባለው ቦታ ላይ ጅማቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት የሚያም ከሆነ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የሚያስነክስዎት ከሆነ፣ ሩጫ ሲጀምሩ ተሰምቶ ሰውነት ሲሞቅ የሚጠፋና በማግሥቱ ብሶ የሚመለስ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ እርስዎን ይመለከታል። የሚናገረው ስለ አንድ ጅማት ብቻ ነው፤ የባት ጡንቻዎችን ከተረከዝ አጥንት ጋር ስለሚያያይዘውና አኪሊስ ተብሎ ስለሚጠራው ጅማት። በስፖርት ፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከማያቸው የቆዩ ሕመሞች መካከል ይህን ያህል በተሳሳተ መንገድ የሚታከም ጥቂት ነው፤ ይህን ያህል በቀላል መሣሪያ ሊሻሻል የሚችልም እንዲሁ ጥቂት ነው።

በፍቅር ሐይቅ ዳር በማለዳ የሚሮጡ ጎልማሶችም ሆኑ በየሰፈሩ ሜዳ የሚጫወቱ ወጣቶች ይዘውት የሚመጡት ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ሕመሙ ሲጀምር አንድ ወር ያርፋሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ይታሻሉ፣ አንዳንዶቹም ዲክሎፌናክ የሚባለውን የማስታገሻ መርፌ ይወጋሉ። ሕመሙ ይጠፋል። ከዚያ ያቋረጡትን ሩጫ ካቆሙበት ርቀት ይቀጥላሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዕረፍት ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጅማቱ ሊሸከም የሚችለውን ጭነት አያሳድገውም። እንዲያውም ባረፉበት ወር የባት ጡንቻ ይሳሳል፣ ጅማቱም ጥንካሬውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰውየው ወደ ሩጫው የሚመለሰው ቀድሞ ከታመመበት ጊዜ ባነሰ አቅም ነው። የዚህ ጅማት መድኃኒቱ ጭነት ነው። ጭነቱ ግን የተለካ፣ ቀስ ተብሎ የሚነሳና በየሳምንቱ የሚከብድ መሆን አለበት፤ ለሦስት ወር ያህልም ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት።

ሕመሙ በእርግጥ ይኸው መሆኑን ማረጋገጥ

ሥልጠና ከመጀመርዎ በፊት ሌላ ነገር አለመሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። ሲሮጡ ወይም ሲዘሉ ድንገት «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ፣ ከኋላ ሰው የመታዎት መስሎዎት ዞር ሲሉ ማንንም ካላዩ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት በሆድዎ ተኝተው መርገጫዎ ከአልጋው ጠርዝ ውጭ እንዲንጠለጠል ያድርጉና ሌላ ሰው ባትዎን ጨመቅ ያድርገው፤ በጤነኛው እግር መርገጫው ወደ ታች ንቅንቅ ሲል ይታያል። በተጎዳው እግር ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ቀን የአጥንት ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል፤ መራመድ መቻልዎ አያታልልዎ፤ ጅማቱ የተበጠሰ ሰው በሌሎች ጡንቻዎች እየታገዘ ሊራመድ ይችላልና።

ባትዎ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና በአንድ በኩል ብቻ ከወፈረ፣ በተለይም ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከወሊድ ወይም እግር በጀሶ ከታሰረበት ጊዜ በኋላ ከሆነ፣ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዲያሸዎት አይፍቀዱ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የጠዋቱ መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ፣ ሁለቱንም ተረከዝ የሚይዝና ከወገብ ሕመም ጋር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከሥልጠና በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ማየት አለበት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ የምፈልግበት አንድ ጥያቄ አለ፤ አዲስ ታካሚ ሲመጣ ከምጠይቃቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ባለፉት ሳምንታት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስደዋል? በየፋርማሲው ሲፕሮ እየተባለ የሚጠራው ይህ መድኃኒት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለተቅማጥ ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ የተረፈውን ከቤት አውጥቶ በራሱ ፈቃድ የሚውጥም አይጠፋም። ሲፕሮ የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ የጅማት እብጠትና መበጠስ ሊያስከትል እንደሚችል የታወቀ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በመድኃኒቶቹ ላይ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። በዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ይኸው የተረከዝ ጅማት ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት አብረው የሚወስዱ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳለ ጅማትዎ ማመም ከጀመረ ሩጫውንም ክብደት ማንሳቱንም አቁመው ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ። በዚህ ጊዜ ከታች የተጻፈው ሥልጠና አይሠራም፤ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩም አይጀመርም።

ሕመሙ ከተረከዝ አጥንቱ በላይ ሳይሆን ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ማለትም የጫማው የኋላ ጠርዝ የሚነካው ቦታ ከሆነ፣ ሥልጠናው ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ለውጥ ይጠይቃል። እርሱን በቦታው እገልጻለሁ።

ከማንሳት በፊት መለካት

ያልተለካ ነገር ማደጉም ማነሱም ስለማይታወቅ፣ ሥልጠናው የሚጀምረው በአንድ ቀላል መለኪያ ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት በባዶ እግር ይቁሙ፤ የሁለት እጆችዎን ጣቶች ጫፍ ብቻ፣ በትከሻ ቁመት ላይ፣ ሚዛን እንዲጠብቁልዎት ግድግዳውን ያስነኩ። መጀመሪያ ጤነኛውን እግር ይለኩ። ሌላውን እግር ከመሬት አንሥተው፣ በቆሙበት እግር ተረከዝ የቻሉትን ያህል ከፍ ብለው ይውረዱ፤ መውጣትና መውረዱ በአንድነት 2 ሴኮንድ እንዲወስድ በስልክዎ ላይ የምት መቁጠሪያ ይክፈቱ። እስከሚያቅትዎ ድረስ ይቁጠሩ። ከዚያ የታመመውን እግር በዚያው ሥርዓት ይለኩ።

ይህን ሲያደርጉ ከጎን የሚያይዎት ሰው ቢኖር ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሰውነት ሲደክም ሳናውቀው ያታልለናል። በመጀመሪያዎቹ ድግግሞሾች ተረከዙ ከመሬት አንድ ጭብጥ ያህል ይነሣል፤ ትንሽ ቆይቶ ግማሹን ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ ጉልበቱ እጥፍ ዘርጋ እያለ መግፋት ይጀምራል፤ ጣቶቹ ግድግዳውን መንካት ትተው መዳፉ ይደገፋል፤ ደረቱ ወደ ፊት ያጋድላል። ከእነዚህ አንዱ እንደታየ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይቆማል። አንድ የ19 ዓመት ተከላካይ በታመመው እግሩ 22 ቆጥሬያለሁ ብሎ ሲከራከረኝ ጓደኛው በስልክ የቀረጸውን አብረን አየነው፤ ከ9ኛው በኋላ ጉልበቱ ሳይታጠፍ የተነሣበት አንድም ጊዜ አልነበረም። «ዶክተር፣ ሲሞቅ እኮ ጭራሽ አይሰማኝም» አለ። አለመሰማቱ እውነት ነበር፤ አቅሙ ግን ከሌላው እግር በግማሽ ያነሰ ነበር። ሕመም ሲሞቅ መጥፋቱ ስለ አቅም የሚናገረው ነገር የለም።

ጤነኛ ወጣት በአንድ እግር 25 ገደማ ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል፤ ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል። ከዚህ መለኪያ ይልቅ እኔ የማምነው የሁለቱን እግሮች ልዩነት ነው። ውጤቱን ከነቀኑ በስልክዎ ማስታወሻ ወይም በደብተር ይጻፉት፤ በየሁለት ሳምንቱም ይድገሙት።

ሁለተኛው መለኪያ ሕመሙ ራሱ ነው። ምንም ሕመም አለመኖሩን 0፣ ሊታሰብ የሚችለውን የመጨረሻ ሕመም 10 ብለው ይቁጠሩ። በስዊድን ሲልበርናገል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ታካሚዎች ሥልጠናውን እየሠሩ፣ ሕመሙ ከ5 እስካልበለጠና እስከ ማግሥቱ ጠዋት እስከተረጋጋ ድረስ ሩጫና ዝላይ እንዲቀጥሉ ቢፈቀድላቸው ከሥራው ካረፉት የከፋ ውጤት እንደማይደርስባቸው አሳይተዋል። እኔ ለጀማሪ 5ትን አልሰጥም፤ የሀበሻ ልጅ «5 ነው» ሲል ብዙ ጊዜ 7 ነውና 3ትን ገደብ አደርጋለሁ። ዋናው ፈራጅ ግን የማግሥቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርደው ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ጅማቱ ከትናንት ጠዋቱ የባሰ ከታሰረ ትናንት የሠሩት በዝቷል፤ ካልባሰ፣ በሥልጠናው ጊዜ ትንሽ ቢያምም፣ ልክ ነው። በዚህ ምክንያት ከሥልጠና በፊት ማስታገሻ መዋጥ አይመከርም፤ ፈራጁን ያፈዝዘዋል።

ሥልጠናው

የተረከዝን ጅማት በክብደት የማከሙ ነገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ሆካን አልፍሬድሰን የተባሉ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ባሳተሙት ጥናት ነው። እንደሚነገረው ሐኪሙ ራሳቸው በዚህ ሕመም ተይዘው ቀዶ ሕክምና ፈልገው ነበር፤ አለቃቸው ሕመሙ ለዚያ የሚያበቃ አይደለም ብሎ ሲከለክላቸው ጅማቱን ለማባስ ብለው ሆን ብለው በከባድ ጭነት ማሠራት ጀመሩ፤ ጅማቱ ግን እየተሻለው ሄደ። በጥናታቸው 15 ሯጮች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን፣ ለ12 ሳምንት፣ ከደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዛቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች እንዲያወርዱ ተደርገው ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። ሥርዓቱ ይሠራል፤ ነገር ግን በቀን 180 ድግግሞሽ ማለት ስለሆነ ሥራ ያለው ሰው አይጨርሰውም። በዴንማርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ ከባድና ዘገምተኛ ሥልጠና ተመጣጣኝ ውጤት እንደሚያስገኝ፣ የሚፈጀውም ጊዜ ሲሶው ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እኔ የምከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይበቃል። በመካከሉ ያለው የዕረፍት ቀን ለስንፍና የተሰጠ አይደለም፤ ጅማት ከተጫነ በኋላ የተሠራበትን ፕሮቲን፣ ኮላጅንን፣ እንደገና የመሥራቱ ሂደት ለአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቀጥል ስለሆነ ያ ጊዜ ያስፈልገዋል።

እንቅስቃሴዎቹ ሁለት ናቸው፦ ቆሞ ተረከዝ ማንሳትና ተቀምጦ ተረከዝ ማንሳት። ሁለቱም የሚያስፈልጉት የባት ጡንቻ አንድ ባለመሆኑ ነው። ከውጭ የሚታየው ጉልበት ሲዘረጋ ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው ሰፊውና ለሩጫ ዋና የሆነው ሶሊየስ የሚባል ጡንቻ ግን ጉልበት ሲታጠፍ ይበልጥ ለብቻው ይሠራል። ቆመው ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ደካማ አድርገው ይተውታል።

ለመቆሚያው፣ አንድ እርከን ደረጃ ወይም ጠንካራ የእንጨት ንጣፍ ላይ በእግርዎ የፊት ክፍል ይቁሙ። በ3 ሴኮንድ ይውጡ፤ በ3 ሴኮንድ ይውረዱ፤ ከታች አይንጠሩ። ሕመሙ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኘው ቦታ ላይ የሆነ ሰው ግን በሜዳ ላይ ይሥራ፤ ተረከዙን ከእግሩ የፊት ክፍል በታች አያውርድ፤ ምክንያቱም ወደ ታች ሲወርድ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ይጨመቃል። እንዲህ ያለው ሰው በሐይቁ ዳር አጥር ላይ እግሩን ሽቅብ ደግፎ ባቱን አጥብቆ የመሳቡንም ልማድ ይተው፤ ሕመሙን የሚያቆየው ይኸው መሳሳብ የሆነበትን ሰው ደጋግሜ አይቻለሁ። ለተቀማጩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን በ90 ዲግሪ አጥፈው፣ ከጉልበትዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ጭንዎ ላይ ፎጣ አንጥፈው ክብደቱን ያስቀምጡና በዚያው ፍጥነት ተረከዝዎን ያንሡ፤ ያውርዱ።

በመጀመሪያው ሳምንት 3 ዙር በ15 ድግግሞሽ ይሥሩ። በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት 3 ዙር በ12፣ በ4ኛውና በ5ኛው 4 ዙር በ10፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው 4 ዙር በ8፣ ከ9ኛው እስከ 12ኛው 4 ዙር በ6 ያድርጉ። በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይረፉ። ድግግሞሹ ሲቀንስ ክብደቱ መጨመር አለበት፤ ያለዚያ ሥልጠናው እየቀለለ ሄደ ማለት ነው። የትክክለኛው ክብደት ምልክት፣ የመጨረሻውን ድግግሞሽ ሲጨርሱ በጥሩ አሠራር ሌላ አንድ ወይም ሁለት ብቻ መጨመር የሚችሉ መሆኑ ነው። አምስት መጨመር ከቻሉ ቀሏል። በመጀመሪያ በሁለት እግር ይሥሩ፤ በሁለት እግር 15 ሲቀልልዎ ወደ አንድ እግር ይለፉ።

ሰዎች የሚያቅማሙት እዚህ ላይ ነው። «የታመመ ጅማት ላይ ሃያ ኪሎ ልጫን?» ይላሉ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ፦ በሩጫ ጊዜ በዚህ ጅማት ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውነትን ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየእርምጃው ከ420 ኪሎ የማያንስ ኃይል ጅማቱ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው፤ ያውም በፍጥነት፣ ያውም በሺህ የሚቆጠር ጊዜ። በዝግታ የሚነሣ የ20 ኪሎ ጀሪካን ከዚህ አንጻር ገራም ነው። ያለ ክብደት ተረከዝ ሲያነሱ ውለው ለሩጫ ተዘጋጅቻለሁ ማለትም የማያስኬደው በዚሁ ምክንያት ነው።

መሣሪያው አይቸግርም። በከተማው ባሉት ጂሞች የትከሻ ብረትም ሆነ የተቀማጭ ባት ማሽን ይገኛል። ቤት ለሚሠራ ግን ጀሪካን ይበቃል፦ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ከሆነ አንድ ሊትሩ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ስለሚደርስ በአሸዋ የተሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአንድ እጅ ጀሪካኑን ይዘው በሌላው ግድግዳ ይንኩ፤ ሲከብድ ወደ ጀርባ ቦርሳ ያዛውሩት። ለተቀማጩ ደግሞ ጭን ላይ የተቀመጠ ሩብ ኩንታል የዱቄት ከረጢት ከብዙ ማሽን ይሻላል፤ ተረጋግቶ ይቀመጣልና። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለክብደት ማሳደግ የሚሰጠው ምክር እዚህም ይሠራል፦ ከታቀደው ድግግሞሽ አንድ ወይም ሁለት አልፈው በሁለት ተከታታይ ሥልጠናዎች ከሠሩ፣ ክብደቱን ከ2 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ።

በ3ኛው ሳምንት ገደማ ጥንካሬ ሲጨምር ይሰማዎታል፤ በዚህ ጊዜ ያደገው በአብዛኛው የነርቭ ትእዛዝ ነው እንጂ ጡንቻው ወይም ጅማቱ ገና አልተለወጠም። ብዙ ሰው ሥልጠናውን ትቶ ወደ ሜዳ የሚሮጠው በዚሁ ሳምንት ነው። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ በዝግታ የሚለወጥ አካል ስለሆነ ከ12 ሳምንቱ የሚቀነስ ነገር የለም።

ሩጫው እስከዚያ ምን ይሁን

ሙሉ በሙሉ መቆም የሚያስፈልገው ሕመሙ ከገደቡ ለሚያልፍበት ሰው ብቻ ነው። ለሌላው የሚቀነሰው ጅማቱን በኃይል የሚስበው ክፍል ነው፤ በቅድሚያ የፍጥነት ሩጫ፣ ቀጥሎ ዳገት፣ ቀጥሎ ዝላይ። ስለዚህ የታቦርን ተራራ መውጣትም ሆነ የአላሙራን ተራራ በሩጫ መሞከር ለጊዜው ይቅር። በዳገት ላይ ተረከዝ ከጣቶች በታች ስለሚውል ጅማቱ ተወጥሮ ይሠራል። በሐይቁ ዳር ያለው ሜዳማ መንገድ ለዚህ ጊዜ ተስማሚ ነው፤ የውስጥ ሰፈሮች ኮብልስቶን ግን ወጣ ገባ ስለሆነ መርገጫው በየእርምጃው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አስፋልቱ ከእርሱ ይሻላል። ልቅ አሸዋም እንደሚመስለው ለእግር የሚራራ አይደለም፤ ተረከዝ እየሰመጠ ባት ድርብ ሥራ ይሠራል።

አንድ ደቂቃ ሮጠው አንድ ደቂቃ በመራመድ፣ በድምሩ 20 ደቂቃ፣ አንድ ቀን እያለፉ ይጀምሩ። የማግሥቱ ጠዋት ከፈቀደ የሩጫውን ደቂቃ ያርዝሙ፤ ርቀትና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨምሩ። በሥልጠና ቀን መሮጥ ካለብዎት ሩጫው ይቅደም፤ ማንሳቱ ይከተል።

ስለ ጫማ አጭር ነገር ልበል። ከሰልባጅ የተገዛ ጫማ በራሱ ችግር የለበትም፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱ አረጋገጥ አብሮት መጥቷል። ታኬታ ከሩጫ ጫማ ይልቅ ተረከዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጅማቱን ይወጥራል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለቱም ጫማዎች ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያነሣ ጠንካራ የተረከዝ ንጣፍ ማስገባት ያሳርፋል። በአንዱ ብቻ አያስገቡ፤ ወገብ ያዛባል።

ዝላይ የሚጀመረው በአንድ እግር ቢያንስ 20 ተረከዝ ማንሳት ከ2 በማይበልጥ ሕመም ሲሠራና የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከአሥር በመቶ በታች ሲሆን ነው። በገመድ ዝላይ በሁለት እግር፣ 3 ዙር በ20፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጀምረው ወደ አንድ እግር ይሸጋገሩ። ለኳስ ተጫዋች ከዚህ በኋላ አቅጣጫ መቀየርና ድንገት መቆም ይቀጥላል፤ ግጥሚያ የመጨረሻው ነው።

ከአሰልጣኙ ጋር መነጋገር

ብዙ ወጣት ሕመሙን ከአሰልጣኙ ይደብቃል፤ ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ይፈራልና። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን «ኮች፣ እግሬን ያመኛል» ከማለት ይልቅ «ኮች፣ ለስድስት ሳምንት ደረጃ ላይ መዝለልና የ30 ሜትር ፍጥነት ብቻ ይቅርብኝ፤ ሌላውን ሁሉ እሠራለሁ» ማለት የተለየ መልስ ያስገኛል። አሰልጣኝ የሚቸገረው መቼ እንደሚመለስ ባልታወቀ ተጫዋች ነው። የተረከዝ ማንሳቱን ቁጥር ያሳዩት፤ በየሁለት ሳምንቱም ያድሱለት።

ለአሰልጣኞች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ከዕረፍት በተመለሰው የመጀመሪያ ሳምንት ልጆቹን ወደ ታቦር ማስወጣትና በማግሥቱ ዝላይ መጨመር ብርታት መፈተኛ ይመስላል፤ ለጅማት ግን ከዚህ የከፋ ሳምንት የለም። ጅማት ከባድ ሥራን ይለምዳል፤ የማይወደው ድንገተኛ ጭማሪን ነው። ልጆቹን የሚያጠነክር ነገር ከተፈለገ፣ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የማሟሟቂያ ሥርዓት 20 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። በኖርዌይ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ትልቅ ጥናት ጉዳትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህም የሆነው በመደበኛነት ሲሠራ ነው። በውስጡ ያለው የኋላ ጭን ማጠንከሪያ፣ ተንበርክከው ቁርጭምጭሚት ተይዞ ወደ ፊት ቀስ ብለው የሚወድቁበት፣ ልጆች የማይወዱት ቢሆንም እንዳይዘለል እለምናለሁ።

ምግብና ጾም

ለዚህ ጉዳይ ረጅም ነገር አያስፈልግም። ክብደት የሚያነሣ ሰው በኪሎ እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይጠቅመዋል፤ ለ65 ኪሎ ሰው 104 ግራም ማለት ነው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ሲበስል 100 ግራሙ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ በየማዕዱ ሊቀርቡ ይገባል፤ ሰላጣና ጎመን ብቻ በልቶ ማንሳት አቅም ያሳጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሥልጠናውን ከመግደፉ በፊት ባለው ሰዓት ቢያደርገው ወዲያው ይመገባል፤ በረመዳን የሚጾምም እንዲሁ ከማፍጠሪያው አካባቢ ቢያደርገው ይመረጣል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ሥልጠናውን ለእርሱ ብሎ ማቋረጥ ከግማሽ በላይ መጣል ነው፤ ክብደቱን ባለበት አቆይቶ መቀጠል ይሻላል።

ከ12ኛው ሳምንት በኋላ

ሕመሙ ቀንሶ ወደ ሙሉ ሩጫ ከተመለሱ፣ ሥልጠናውን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በመጨረሻ በደረሱበት ክብደት፣ 3 ዙር በ6 እየሠሩ ያቆዩት። በሁለቱም እግር ይሥሩ፤ አንዱ ጅማት የታመመበት ሰው ሌላውም ሊታመም ይችላል። በጉዞ ወይም በሕመም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካቋረጡ ከቀድሞው ክብደት ሲሶውን ቀንሰው ይጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ሩጫውንም እንዲሁ።

ጅማቱ ላይ ያለው እብጠት ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ለወራት ሊዳሰስ ይችላል፤ በአልትራሳውንድ የሚታየው ለውጥም ከሕመሙ ጋር አብሮ አይሄድም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሥልጠናውን አያቋርጡ። ሥልጠናውን በትክክል ሠርተው ቁጥሩም ሕመሙም ካልተለወጠ ግን የጻፉትን ማስታወሻ ይዘው ወደ ስፖርት ፊዚዮቴራፒስት ወይም ወደ አጥንት ሐኪም ይሂዱ፤ ጅማቱን በግፊት ሞገድ የሚያክመውን የሾክ ዌቭ ሕክምና መሞከር የሚቻለው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ጅማቱ ውስጥ ስቴሮይድ እንዲወጉ የሚነግርዎት ካለ ስለ መበጠስ አደጋው በግልጽ ይጠይቁት፤ መርፌው ከተወሰነም ከተወጉበት ቀን አንሥቶ ለስንት ሳምንት ዝላይና ከባድ ክብደት እንደሚከለከሉ ሳያስጽፉ ከክፍሉ አይውጡ።